አንባቢውን የሚመረምር መጽሐፍ
ስለ ሐተታ ዘርዓ ያዕቆብና ስለ አንባቢዎቹ በማሻ ከተማ ለሕዝብ የቀረበ ትምህርት



 የምነግራችሁ መጽሐፍ «ሐተታ ዘርዓ ያዕቆብ» ይባላል። በግዕዝ የተጻፈ ነው፤ መጠኑ ትንሽ ስለሆነ ደህና አንባቢ በአንድ ቀን ይጨርሰዋል። የሚያነሣቸው ጥያቄዎች ግን ዕድሜ ልክ አብረውን የሚኖሩ ናቸው። ፈጣሪ አለ ወይ? ካለስ ጸሎቴን ይሰማል? ሰው ሁሉ «የእኔ ሃይማኖት ነው ትክክል» ሲል ፈራጁ ማን ነው? ክፉዎች የሚበረቱትና ደጎች የሚሰደዱት በእግዚአብሔር ፈቃድ ነው ወይስ በሰው ሥራ?

ዛሬ መጽሐፉ የሚለውን ብቻ ሳይሆን አንባቢዎቹ የሆኑትንም እነግራችኋለሁ። ይህን መጽሐፍ አንዱ የኢትዮጵያ ፍልስፍና ዘውድ አድርጎ ተቀበለው፤ ሌላው የፈረንጅ መነኩሴ ድርሰት ነው ብሎ ጣለው፤ ሦስተኛው ሃይማኖትን ይነካል ብሎ ከነአካቴው ሳያነበው ቀረ። ሁሉም የተማሩ ወይም ለእምነታቸው የሚቆረቆሩ ሰዎች ናቸው። ታዲያ እንዲህ ርቀው የተለያዩት ለምንድን ነው? እኔ የደረስኩበት መልስ ይህ ነው፤ መጽሐፉ አንባቢውን ሁሉ የሚፈትነው በአንድ ጥያቄ ነው፤ «ይህን ያመንኸው መርምረህ ነው ወይስ ስለተመቸህ?» ይላል። ከአንባቢዎቹ ጥያቄውን ወደ ራሱ የመለሰው ጥቂቱ ነው።

፩. የዋሻው ሰው

ታሪኩን መጽሐፉ ራሱ እንደሚተርከው ልንገራችሁ። ዘርዓ ያዕቆብ በ1592 ዓ.ም. ነሐሴ 25 ቀን በአክሱም አካባቢ ከድሃ ገበሬ ተወለደ። የቤት ስሙ ወርቄ ነበር። ዳዊት ደገመ፤ ድምፁ ለዜማ እምቢ ስላለው ወደ ሰዋስውና ቅኔ ዞረ፤ ከዚያም አሥር ዓመት የመጻሕፍት ትርጓሜ ተማረ። አክሱም ተመልሶ ወንበር ዘርግቶ አራት ዓመት አስተማረ።

ዘመኑ ክፉ ነበር። ዐፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን እምነት ተቀብለው በሀገሩ ላይ ስላወጁ ካህናቱና ሕዝቡ ለሁለት ተከፍለው ነበር። ዘርዓ ያዕቆብ መጻሕፍትን ሲተረጉም የፈረንጆቹንም (የካቶሊኮቹንም) ትርጓሜ፣ የግብጻውያኑንም (የኦርቶዶክሶቹንም) ትርጓሜ ጎን ለጎን ያቀርብ ነበር እንጂ አንዱን ደግፎ ሌላውን አይረግምም። በዚህ ምክንያት ሁለቱም ወገን ጠሉት። አንድ የአክሱም ካህን ንጉሡ ዘንድ ከሰሰው። ዘርዓ ያዕቆብም ሦስት ወቄት ወርቅና መዝሙረ ዳዊቱን ይዞ በሌሊት ተሰደደ፤ ሰው የማይደርስበት ገደል ውስጥ ዋሻ አግኝቶ ሁለት ዓመት ኖረ።

በዋሻው ቀን ቀን ዳዊት ይደግማል፤ ደግሞም ያስባል። አንድ ቀን «የምጸልይለት አለ ወይ?» የሚል ጥርጣሬ መጣበት። ጥርጣሬውን አላባረረውም፤ ተቀምጦ መረመረው። እኔን የፈጠረኝ ማን ነው? ራሴን አልፈጠርኩም፤ ያልነበረ ሰው ራሱን ሊፈጥር አይችልምና። አባትና እናቴ ወለዱኝ፤ እነሱን ማን ፈጠረ? እንዲህ እያለ ወደ ኋላ ሲሄድ ያልተፈጠረ ፈጣሪ ላይ ደረሰ። ማስተዋልን ለሰው የሰጠ ራሱ ማስተዋል የሌለው ሊሆን አይችልም፤ ስለዚህ ይሰማኛል ብሎ ጸሎቱን ቀጠለ። ይህ ክርክር በግሪክም፣ በዐረብም፣ በአውሮፓም ሊቃውንት ዘንድ የታወቀ ነው። የዘርዓ ያዕቆብን ለየት የሚያደርገው የተፈተነበት ቦታ ነው፤ ጥያቄውን ያነሣው ተሳዳጅ ሆኖ፣ ሞት ደጁ ቆሞ፣ ብቻውን ሳለ ነው።

ከዚህ ተነሥቶ ሰዎች የሚጣሉበትን ሃይማኖት ሁሉ ይመዝናል። ሰው የሚያምነውን ከአባቶቹ ሰምቶ ያምናል፤ ጥቂት ሰው ብቻ ይመረምራል ይላል። ከዚያ የምንኩስናን ሕግ፣ የጾምን ሥርዓት፣ የሙሴን አንዳንድ ትእዛዝ፣ የእስልምናን አንዳንድ ሕግ በማስተዋል ሚዛን ላይ ያስቀምጣል። የሚመዝንበት ድንጋይ አንድ ነው፤ ፈጣሪ በተፈጥሮ ካኖረው መልካም ሥርዓት ጋር የማይስማማ ትእዛዝ ከፈጣሪ አልመጣም የሚል ነው።

ሱስንዮስ ከሞቱ በኋላ ከዋሻው ወጥቶ እንፍራዝ ደረሰ። ሀብቱ የሚባል ባለጸጋ ቤት ገብቶ መጽሐፍ እየጻፈ፣ ልጆች እያስተማረ ኖረ። በዚያው ቤት የምታገለግል ኂሩት የምትባል ሴት ነበረች፤ እሷን ሊያገባ ጠየቀ። ጌታዋ «ከእንግዲህ የአንተ አገልጋይ ትሁን» ሲለው ዘርዓ ያዕቆብ አልተቀበለም፤ ባልና ሚስት በጋብቻ እኩል ናቸውና ሚስቴ እንጂ ገረዴ እንድትሆን አልፈልግም አለ። ስለ እግዚአብሔር ያሰበው ሁሉ ቤቱ ውስጥ ሥራ ላይ የዋለው እዚህ ጋ ነው።

፪. የመጀመሪያው አንባቢ

የመጽሐፉ የመጀመሪያ አንባቢ በዚያው ቤት ያደገው ተማሪው ወልደ ሕይወት ነው። መምህሩን ጻፍልን ብሎ የለመነው እሱ ነው፤ በኋላም የራሱን ሐተታ ጻፈ። የመምህሩን ቃል እንደ ዳዊት አልደገመም። ዘርዓ ያዕቆብ የራሱን ሕይወት ሲተርክ ወልደ ሕይወት ደግሞ ስለ እጅ ሥራ ክብር፣ ስለ ልጆች አስተዳደግ፣ ስለ ባልና ሚስት፣ ከጎረቤት ጋር በሰላም ስለ መኖር ይመክራል። በታሪክና በምሳሌ ያዋዛል። መምህሩ ብቻውን ያሰበውን ተማሪው በመንደር መካከል ለመኖር የሚበቃ ትምህርት አደረገው። ጥሩ አንባቢ ማለት ይህ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ያነበበውን ወስዶ በራሱ ኑሮ ላይ የሚሞክር ሰው።

፫. ከጋይንት እስከ ፓሪስ

መጽሐፉ በዓለም የታወቀው በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ነው። ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የሚባል ጣሊያናዊ ካፑቺን መነኩሴ በጋይንት ቤተልሔም ተቀምጦ ግዕዝ ይማር ነበር። ለፈረንሳዊው ተመራማሪ ለአንቷን ዳባዲ የግዕዝ መጻሕፍት እየፈለገ ይልክለት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1852 ሐተታውን እንዳገኘ ጻፈለት፤ ከዚያም ቅጂውን ላከ፤ የወልደ ሕይወትን ሐተታም አስከተለ። ጁስቶ ከሀገር ተባርሮ እ.ኤ.አ. በ1856 ካርቱም ላይ ሞተ። ቅጂዎቹ ዛሬ በፓሪስ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት በዳባዲ ስብስብ ውስጥ በቁጥር 215 እና 234 ተመዝግበው ይገኛሉ።

በ20ኛው መቶ ዘመን መባቻ ላይ ሩሲያዊው ቦሪስ ቱራየቭና ጀርመናዊው ኤኖ ሊትማን መጽሐፉን አሳተሙ። ሊትማን እ.ኤ.አ. በ1904 ግዕዙን ከላቲን ትርጉም ጋር ሲያወጣ ከግዕዝ ሥነ ጽሑፍ መካከል የተለየ፣ የራሱ አሳብ ያለው ሥራ አድርጎ ተቀበለው።

እ.ኤ.አ. በ1920 ግን ጣሊያናዊው ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ ተነሣ። ደራሲው ጁስቶ ራሱ ነው አለ። ማስረጃ ካደረጋቸው አንዱ አባ ተክለ ሃይማኖት የተባሉ ካቶሊካዊ ኢትዮጵያዊ መነኩሴ የተዉት ምስክርነት ነበር። ጁስቶ ከመመንኮሱ በፊት ስሙ ጃኮፖ፣ በእኛ ያዕቆብ መሆኑም ጥርጣሬውን አጠናከረ። ከሁሉ የከበደው ደግሞ ሁለቱም ቅጂዎች ከጁስቶ እጅ ብቻ መውጣታቸው ነው። ጀርመናዊው ኦይገን ሚትቮኽም እ.ኤ.አ. በ1934 ይህንኑ አሳብ ደገፈ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት በውጭ ሀገር ሊቃውንት ዘንድ ነገሩ ያለቀ መሰለ።

፬. ክርክሩ ያስተማረን

ያለቀ የመሰለውን ነገር ኢትዮጵያውያንና በኢትዮጵያ የኖሩ ሰዎች እንደገና ከፈቱት። ዘመንፈስ ቅዱስ አብርሃ በ1940ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ገደማ አስመራ ላይ ሐተታውን በአማርኛ አቀረቡት። ግዕዙን ከነባህሉ የሚያውቁት ዓለማየሁ ሞገስ የኮንቲ ሮሲኒን ድምዳሜ ተቃወሙ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የፍልስፍና መምህር፣ ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ክሎድ ሰምነር ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ «የኢትዮጵያ ፍልስፍና» በሚሉ ተከታታይ ጥራዞች የሁለቱን ሐተታዎች አጻጻፍ፣ የዳዊቱን ጥቅሶችና የጁስቶን ደብዳቤዎች እያነጻጸሩ መጽሐፉ የኢትዮጵያውያን ነው ብለው ተሟገቱ። በዚህ ሥራ የተነሣ ዘርዓ ያዕቆብ የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ሆነ፤ እንደ ቴዎድሮስ ኪሮስ ያሉ ፈላስፎችም በዓለም መድረክ አስተዋወቁት።

ክርክሩ ግን አልቆመም። ፈረንሳዊቷ የታሪክ ተመራማሪ አናኢስ ዊዮን እ.ኤ.አ. በ2013 ቅጂዎቹንና ደብዳቤዎቹን መርምራ ደራሲው ጁስቶ ነው ወደሚለው አሳብ ተመለሰች። በሌላ በኩል ትልቁ የግዕዝ ሊቅ ጌታቸው ኃይሌ ቀድሞ ተጠራጣሪ ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ባሳተሙት ጽሑፍ ግን መሠረቱ የወርቄ፣ የኢትዮጵያዊው ሊቅ ነው፤ ሌላ እጅ የጨመረበት ነገር ግን አለ ወደሚል አሳብ መጡ። እ.ኤ.አ. በ2022 በኦክስፎርድ ስለዚሁ መጽሐፍ ጉባኤ ተካሄደ፤ በተከታዩ ዓመትም ሁለቱን ሐተታዎች የያዘ አዲስ የእንግሊዝኛ ትርጉም ታተመ።

ከዚህ ረጅም ክርክር ውስጥ ሁለት ነገር እንውሰድ።

የመጀመሪያው፣ በሁለቱም ወገን ምኞት ከማስረጃው ቀድሞ የተናገረበት ጊዜ መኖሩ ነው። «አፍሪካዊ እንዲህ ሊያስብ አይችልም» የሚል ትዕቢት ይዞ የመጣ አንባቢ ነበር፤ ኮንቲ ሮሲኒ በጻፈበት ጊዜ የጣሊያን ቅኝ ግዛት ኤርትራ ውስጥ እንደነበረም መርሳት አይገባም። «ዴካርት እ.ኤ.አ. በ1637 መጽሐፉን ሲያሳትም የእኛው ሰው በዋሻ ውስጥ ቀድሞት ነበር» እያለ በኩራት ብቻ የተቀበለም ነበር። የመጀመሪያው ሰው ንቀቱን፣ ሁለተኛው ኩራቱን አልመረመረም። ከአባቴ ሰማሁ ብሎ ከማመን በምን ይሻላል?

ሁለተኛው የጌታቸው ኃይሌ አርአያነት ነው። ሙሉ ዕድሜያቸውን ለግዕዝ የሰጡ ሰው በእርጅናቸው ጊዜ ቀድሞ የያዙትን አሳብ እንደገና መዝነው ለወጡት፤ መለወጣቸውንም በጽሑፍ ገለጹ። አሳባቸው ትክክል ይሁን አይሁን ሌሎች ይከራከሩበታል። ነገሩን የያዙበት መንገድ ግን መጽሐፉ የሚጠይቀው ምርመራ ነው።

እኔስ? ደራሲው ማን እንደሆነ ገና የተዘጋ ነገር እንዳልሆነ አምናለሁ፤ ከጁስቶ እጅ ያልወጣ ጥንታዊ ቅጂ ቢገኝ ብዙ ነገር ይፈታል። ይሁን እንጂ ሁለት ጥያቄዎችን መለየት ያስፈልጋል። ከማሻ ጫካ የወጣ ማር ገበያ ላይ ሲቀርብ ገዢው «ንጹሕ ነው?» ብሎ ይቀምሳል፤ «ከማን ቀፎ ወጣ?» ብሎም ይጠይቃል። ሁለተኛውን ምስክር ይመልሰዋል፤ የመጀመሪያውን ግን የራሱ ምላስ ነው የሚፈርደው። የደራሲውን ማንነት ለሊቃውንት ምስክርነት እንተው። በዋሻው ውስጥ የተነሣው ክርክር እውነት ነው ወይ የሚለውን ግን ማንም ሊመልስልን አይችልም፤ እያንዳንዳችን ነን መቅመስ ያለብን።

፭. የምእመናን ምላሽ

እዚህ አዳራሽ ውስጥ ኦርቶዶክሱም፣ ፕሮቴስታንቱም፣ ሙስሊሙም፣ የአባቶቹን ሥርዓት የሚጠብቀውም ተቀምጧል። መጽሐፉ ሁላችሁንም የሚያስከፋ ነገር አለው። ጾምንና ምንኩስናን የሚያከብር ክርስቲያን ይከፋዋል። ስለ እስልምና የሚለውን የሚያነብ ሙስሊም ሃይማኖቴን ከመጽሐፉ ሳይሆን ከወሬ ነው የፈረደበት ሊል ይችላል። እነዚህ ምላሾች ሊሰሙ የሚገባቸው ናቸው፤ አንዳንዶቹም የበረቱ ናቸው።

ለምሳሌ የጾሙን ነገር ውሰዱ። ዘርዓ ያዕቆብ መብል የተፈጥሮ ፍላጎት ነው፤ ፈጣሪ ይህን ፍላጎት ሰጥቶ ፍላጎቱን ኃጢአት አያደርገውም ይላል። አንድ የገዳም አባት ግን እንዲህ ብለው ሊመልሱ ይችላሉ፤ ጾም መብልን ለመርገም አልተሠራም፤ ራስን ለመግዛት፣ ከተራበ ጋር አብሮ ለመራብ ነው እንጂ፤ ይህም ከማስተዋል ጋር አይጣላም። ይህ መልስ የዘርዓ ያዕቆብን ክርክር አያዳፍነውም፤ ይገጥመዋል። አባታችን ይህን ሲሉ መጽሐፉ የሚፈልገውን ያደርጋሉ፤ እምነታቸውን በምክንያት ያስረዳሉ። የሀገራችን ሊቃውንት በአንድምታ ትርጓሜ ብዙ አሳብ ጎን ለጎን እያኖሩ የመመርመር ልማድ አላቸው፤ ስለዚህ ምርመራ ለቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት እንግዳ አይደለም።

በመጽሐፉ ላይ የበረታው ተቃውሞ ግን ይመስለኛል ሌላ ነው። ዘርዓ ያዕቆብ ሰው ሁሉ በቅን ልቡና ከመረመረ አንድ እውነት ላይ ይደርሳል ብሎ ያምናል። የራሱ መጽሐፍ ታሪክ ይህ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ያሳያል። እነዚያ ሁሉ ሊቃውንት ያንኑ ግዕዝ አንብበው፣ ያንኑ ደብዳቤ አገላብጠው ወደ ተቃራኒ ድምዳሜ ሄዱ። ስለዚህ በማስተዋል ብቻ ለሚመካ ሰው ይህ ተግሣጽ ነው። መመርመር ትሕትናን ይፈልጋል፤ ሌላው የሚያየውን መስማትን ይፈልጋል፤ ዋሻ ውስጥ ብቻ የሚያልቅ ሥራ አይደለም።

፮. ከዚህ ሀገር ሲነበብ

አሁን ከማሻ ሆነን እናንብበው። እዚህ ፈጣሪን በተፈጥሮ ውስጥ ማየት አዲስ ነገር አይደለም። በሸካ ደን ውስጥ ሽማግሌዎች የሚጸልዩባቸው፣ ዛፋቸው የማይቆረጥ ደዶ የሚባሉ ስፍራዎች አሉ። ደኑ እ.ኤ.አ. በ2012 በዩኔስኮ በባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት ሲመዘገብ ይህ ባህል ለደኑ መቆየት ያደረገው አስተዋጽኦ የታወቀ ነበር። ዘርዓ ያዕቆብ በዋሻው ዙሪያ ያለውን ፍጥረት አይቶ ስለ ፈጣሪ ሲናገር የሸካ ሽማግሌ የሚለውን ሊረዳው ይችል ነበር፤ በብዙ ነገርም ሊከራከሩ ይችሉ ነበር።

ከሁሉ ይልቅ ግን ልብ እንድትሉት የምፈልገው ስለ ባርነት የሚለውን ነው። መጽሐፉ ሰውን እንደ ከብት መሸጥና መግዛት ከእግዚአብሔር ሊሆን አይችልም፤ እግዚአብሔር ሰዎችን እኩል፣ እንደ ወንድማማች አድርጎ ፈጥሯልና ይላል። ይህን ቃል አዲስ አበባ ላይ ማንበብ አንድ ነገር ነው፤ እዚህ ማንበብ ሌላ ነው። ከከፋ፣ ከሸካ፣ ከቤንችና ከማጂ ምድር በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ እጅግ ብዙ ሰው በባርነት ተግዞ ወጥቷል። የማጂ አካባቢ በዚህ ፍንገላ ምን ያህል ሰው እንዳጣ በጊዜው ያለፉ መንገደኞች ጽፈዋል። ባርነት በሕግ ፈጽሞ የታገደው በ1934 ዓ.ም. ነው፤ ይህ ከአያቶቻችን ዘመን የራቀ አይደለም።

ስለዚህ እዚህ ያለ አንባቢ መጽሐፉን አመስግኖ አይቆምም፤ ይጠይቀዋልም። ዘርዓ ያዕቆብ ይህን ነቀፋ የሰነዘረው ወደ እስልምና ሕግ ነው። ነገር ግን የክርስቲያኑ ፍትሐ ነገሥት ራሱ ስለ ባሮች የሚደነግግ ክፍል ነበረው፤ በዚህ ሀገር በተካሄደው ንግድና ፍንገላም ክርስቲያኑም፣ ሙስሊሙም፣ የሌላ እምነት ተከታዩም እጁ አለበት። በመጽሐፉ ሚዛን ብንመዝን ማንም ወገን ንጹሕ ሆኖ አይወጣም፤ ሚዛኑን ለጎረቤት ብቻ አውጥቶ ለራስ መደበቅ ከመጽሐፉ መንፈስ ይወጣል። የዚህ ሀገር አንባቢ ይህን ካለ፣ ሊትማንም ኮንቲ ሮሲኒም ያላሉትን ለመጽሐፉ አስተዋጽኦ አድርጓል።

፯. አደራ

ወደ ማጠቃለያዬ ልምጣ። መጽሐፉን ሳታነቡ አታድንቁ፤ ሳታነቡም አትንቀፉ። የአማርኛው ትርጉም አለ፤ ሁለቱን ሐተታዎች አንድ ላይ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንብቡ። መምህራን፣ ለተማሪዎቻችሁ «ዘርዓ ያዕቆብ የኢትዮጵያ ፈላስፋ ነው» የሚለውን ዐረፍተ ነገር ብቻ አታሸክሟቸው፤ ክርክሩን ስጧቸው፤ የሚቃወሙትንም በምክንያት እንዲቃወሙ አስተምሯቸው። የሃይማኖት አባቶች፣ ወጣቱ በጥያቄ ሲመጣ አትቆጡት፤ ጥያቄውን ወደ እናንተ ያመጣው ስለሚያከብራችሁ ነው። ሽማግሌዎች፣ ስለ ፈጣሪና ስለ ደኑ የምታውቁትን ለልጆቻችሁ በሸኪኖኖ ቋንቋ ንገሯቸው፤ ልጆች ደግሞ ጻፉት። በዚህ ምድር ያለው አሳብ ካልተጻፈ ማንም ሐተታ ሊያደርገው አይችልም።

አንድ ነገር ጨምሬ ልጨርስ። ይህን መጽሐፍ ስታነቡ እምነቱ ከእናንተ የተለየ አንድ ጎረቤት ጋብዙና አብራችሁ አንብቡት። ዘርዓ ያዕቆብ አክሱም ላይ የፈረንጆቹንም የግብጻውያኑንም ትርጓሜ አንድ ወንበር ላይ ስላቀረበ ተሰደደ። እኛ በአንድ ገበያ የምንሸጥ፣ በአንድ ሐዘን ቤት የምንቀመጥ፣ ልጆቻችንን በአንድ ትምህርት ቤት የምናስተምር ሰዎች ነን። እሱ የተሰደደበትን ነገር እኛ በሰላም ልናደርገው እንችላለን፤ እናድርገው።